የጥለቱ አረንጓዴ የት ጠፋ? ለፎቶና ለኅትመት ከለር ስፔስ ስትመርጡ

ሽሮ ሜዳ የሀገር ልብስ የምትሸጥ ጓደኛ አለችኝ። አንድ ጊዜ አዲስ የመጣላትን ቀሚስ ፎቶ አነሳሁላት። ጥለቱ ደማቅ አረንጓዴ ነበር፤ ዝናብ ያጠበው የእንሰት ቅጠል የመሰለ። ፎቶው አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ለምትኖር ደንበኛዋ ሄደ። ደንበኛዋ ወደደችውና ለእህቷ ሠርግ፣ ለአራት ሚዜዎች የሚሆን አዘዘች። ሸማኔው ሠራ፤ ልብሱ ተላከ። ሲደርሳት ስልክ ደወለች። «እህቴ፣ እኔ ያዘዝኩት ፈዘዝ ያለውን፣ ወደ ቢጫ የሚያደላውን ነው። ይሄ እኮ ሌላ ቀለም ነው» አለቻት።

ጓደኛዬ የላከችው ፎቶው ላይ ያለውን ልብስ ራሱን ነው። ደንበኛዋም አልዋሸችም፤ ስልኳ ላይ ያየችው በእርግጥም ፈዛዛ ነበር። ስህተቱ የእኔ ነው። ካሜራዬን «አዶቤ አርጂቢ» የሚባል ከለር ስፔስ (በፎቶው ፋይል ውስጥ ያሉት ቁጥሮች የትኛውን ቀለም እንደሚወክሉ የሚወስን ሥርዓት) ላይ አድርጌው ነበር፤ ሰፊ ስለሆነ ይሻላል ተብዬ። ፎቶው ከስልክ ስልክ ሲተላለፍ የቀለሙ መፍቻ ወደቀ። ቁጥሮቹ ደረሱ፤ ትርጉማቸው መንገድ ላይ ቀረ።

ካሜራ ወይም ፎቶሾፕ ውስጥ ገብታችሁ ኤስአርጂቢ፣ ዲስፕሌይ ፒ3፣ አዶቤ አርጂቢ፣ ፕሮፎቶ አርጂቢ፣ ሲኤምዋይኬ የሚል ዝርዝር ሲደቀንባችሁ «የቱን ልንካ?» ለምትሉ ነው ይህን የጻፍኩት። የትኛው «ምርጥ» እንደሆነ አልነግራችሁም፤ እንዲህ ያለ ነገር የለም። የትኛው ለየትኛው ሥራ እንደሚሆን ግን በግልጽ እላለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመተ ምሕረቶች በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

## መጀመሪያ ዓይናችን

ስልካችሁ ላይ ነጭ ገጽ ክፈቱ። ጣታችሁን ውሃ ነክራችሁ አንዲት ትንሽ ጠብታ ስክሪኑ ላይ ጣሉ። ጠብታዋ እንደ ማጉያ መነጽር ትሆናለች። ጠጋ ብላችሁ እዩ። ነጭ ነጥብ አታገኙም፤ ያሉት ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ነጥቦች ናቸው። አሁን የአደይ አበባ ፎቶ ክፈቱና ጠብታዋን ቢጫው ላይ አድርጉ። ቢጫ የሚባል ነጥብም የለም። የሚበሩት ቀዩና አረንጓዴው ናቸው፤ ሰማያዊው ጠፍቷል ማለት ይቻላል።

ቢጫውን የሠራችሁት እናንተ ናችሁ።

በዓይናችን ጀርባ፣ ሬቲና ላይ፣ ብርሃን የሚቀበሉ ሁለት ዓይነት ሕዋሳት አሉ። ሮድ የሚባሉት ከ90 ሚሊዮን ይበልጣሉ። ሥራቸው ለጨለማ ነው፤ ቀለም አይለዩም። ማታ መብራት ሲጠፋ ቀይ ጥለት ያለው ጋቢ ግራጫ የሚመስለን ለዚህ ነው። ቀለም የኮኖች ሥራ ነው። ኮኖች ወደ 6 ሚሊዮን ይጠጋሉ፤ ሦስት ዓይነትም ናቸው። አንዱ በ420 ናኖ ሜትር (የብርሃን ሞገድ ርዝመት የሚለካበት ነው)፣ ሁለተኛው በ530፣ ሦስተኛው በ560 አካባቢ ያለውን ብርሃን አብልጦ ይቀበላል። ሦስተኛውን ብዙ ሰው «ቀይ ኮን» ይለዋል። 560 ናኖ ሜትር ግን ወደ ቢጫ ያደላ አረንጓዴ እንጂ ቀይ አይደለም። ቀይን የምናየው አንጎላችን ሦስቱ ኮኖች የላኩትን መልእክት ሲያወዳድር ነው።

ዓይን ታዲያ የደረሰው ብርሃን ከምን ከምን እንደተሠራ አያውቅም። የሚያውቀው ሦስት ቁጥር ብቻ ነው፤ ይህኛው ኮን ይህን ያህል፣ ያኛው ያን ያህል ተነካ። ዝቅተኛ ግፊት ያለው የሶዲየም መብራት 589 ናኖ ሜትር አካባቢ ያለ እውነተኛ ቢጫ ብርሃን ይሰጣል። ስክሪን ደግሞ ቀይና አረንጓዴ ደባልቆ ይልካል። ኮኖቹ በሁለቱም ጊዜ እኩል ከተነኩ ለእኛ አንድ ናቸው። ዓይናችን እንዲህ ባይሆን ኖሮ ስክሪን የሚባል ነገር በሦስት ነጥብ ባልተሠራ ነበር።

ይህን በተግባር ያሳየው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ክላርክ ማክስዌል ነው። በ1861 ለንደን ውስጥ የአንድ ባለ ቀለም ሪባን ሦስት ፎቶ አቀረበ። ሦስቱ የተነሱት በቀይ፣ በአረንጓዴና በሰማያዊ ማጣሪያ ነው። በእነዚያው ማጣሪያዎች በኩል ግድግዳ ላይ ደራርቦ ሲያበራቸው ሪባኑ በቀለሙ ታየ። ዛሬ የያዛችሁት ስልክ የሚሠራው በዚያው ሐሳብ ነው።

በ1931 ደግሞ ዓለም አቀፉ የብርሃን ኮሚሽን የሰው ዓይን የሚያያቸውን ቀለሞች በካርታ አስቀመጠ። ካርታው ምላስ የመሰለ ቅርጽ አለው። የምናወራላቸው የአርጂቢ ከለር ስፔሶች በሙሉ በዚህ ምላስ ላይ የተሰመሩ ሦስት ማዕዘኖች ናቸው። አንዱ ማዕዘን ቀይ፣ አንዱ አረንጓዴ፣ አንዱ ሰማያዊ። ልዩነታቸው ማዕዘኖቹ የት ላይ እንደተተከሉ ነው።

ነገሩ ሁሉ እዚህ ላይ ነው። ጨርቅ በክንድ ሲለካ አስቡ። «ሦስት ክንድ» ብትሉኝ የማን ክንድ ብዬ መጠየቅ አለብኝ። የረጅሙ ሰውዬ ሦስት ክንድና የአጭሩ ሦስት ክንድ አንድ አይደሉም። የፎቶ ፋይልም እንዲሁ ነው። ፋይሉ «ቀይ 0፣ አረንጓዴ 255፣ ሰማያዊ 0» ይላል። የማን አረንጓዴ? ይህን የሚመልሰው ከፋይሉ ጋር የሚጓዝ ፕሮፋይል የሚባል ትንሽ ጽሑፍ ነው። ፕሮፋይል ከሌለ ተቀባዩ በራሱ ክንድ ይለካል። የጓደኛዬን ሥራ ያበላሸው ይኸው ነው።

## በምን እንመዝን?

ለእኔ ከሁሉ የሚቀድመው መድረሻው ነው። ፎቶው የመጨረሻ ቦታው የት ነው? ስልክ ላይ ነው? ባነር ላይ? መጽሔት ላይ? ካሜራችሁ የቱንም ያህል ሰፊ ቀለም ቢይዝ መድረሻው ጠባብ ከሆነ የሚታየው ጠባቡ ነው።

ሁለተኛው፣ ፕሮፋይሉ ቢጠፋ ጉዳቱ ምን ያህል ነው የሚለው ነው። ሰው ይህን መመዘኛ ይረሳዋል። እኛ ዘንድ ፎቶ በመልእክት ይላካል፣ ይወርዳል፣ ስክሪንሾት ይደረጋል፣ እንደገና ይላካል። ፕሮፋይል አንዱ ቦታ ላይ የመውደቅ ዕድሉ ሰፊ ነው።

ሦስተኛው ስፋት ነው። የምታነሱት ነገር በእርግጥ ከጠባቡ ሦስት ማዕዘን የሚወጣ ቀለም አለው? የሰው ቆዳ፣ ነጭ ሸማ፣ ግድግዳ፣ እንጀራ፣ ቡና፣ እነዚህ ሁሉ በጠባቡ ውስጥ በምቾት ይገባሉ። የሚወጡት የሐር መሳይ ክር አረንጓዴና ቱርኩዋዝ፣ በጣም የደመቀ ብርቱካናማ አበባ፣ የኒዮን መብራት ዓይነቶቹ ናቸው።

አራተኛው የቢት መጠን ነው። ተራ ጄፔግ፣ ማለትም የተለመደው የፎቶ ፋይል፣ ለእያንዳንዱ ቀለም 8 ቢት፣ ማለትም 256 ደረጃ አለው። ሦስቱ ሲባዙ 16,777,216 ቀለም ይሆናል። ብዙ ይመስላል። ግን ያንኑ 256 ደረጃ ሰፋ ባለ ሦስት ማዕዘን ላይ ስትዘረጉት በደረጃዎቹ መካከል ያለው ርቀት ይሰፋል። ሰማይ ላይ እንደ መደርደሪያ የተቆራረጠ መስመር የሚታየው ያኔ ነው። አምስተኛው ወጪ ነው፤ ስክሪን፣ ማስተካከያ መሣሪያ፣ ጊዜ።

## ኤስአርጂቢ

ኤችፒ እና ማይክሮሶፍት በ1996 ያቀረቡት ነው። በ1999 ዓለም አቀፍ ደረጃ ሆነ። የተሠራው በዚያ ዘመን የነበሩ የቱቦ ስክሪኖችን አስቦ ስለሆነ ጠባብ ነው። በ1931ዱ ካርታ ላይ ከምላሱ 35 በመቶ ያህሉን ይሸፍናል። ካርታው ለአረንጓዴ ከሚገባው በላይ ቦታ ስለሚሰጥ ቁጥሩን እንደ ግምት ውሰዱት።

ጠባብነቱ ይወራበታል፤ ጥንካሬው ግን አይወራም። ፕሮፋይል የሌለው ፎቶ ሲመጣ ድረ ገጾችም ስልኮችም አብዛኛውን ጊዜ «ኤስአርጂቢ ነው» ብለው ነው የሚያነቡት። ስለዚህ ኤስአርጂቢ ፎቶ ፕሮፋይሉ ቢወድቅ ብዙ ጊዜ ምንም አይሆንም። መፍቻው ቢጠፋም ተቀባዩ የሚገምተው ትክክለኛውን ነው። ከሁለተኛው መመዘኛ አንጻር የሚስተካከለው የለም።

አንድ ነገር ልጨምር። የኤስአርጂቢ ቁጥሮች ከዓይናችን ጠባይ ጋር ተስማምተው ነው የተደረደሩት። ጨለማ ክፍል ውስጥ አንድ ሻማ ለኩሳችሁ ሁለተኛ ስትጨምሩ ለውጡ ግልጽ ነው። በእኩለ ቀን ፀሐይ ስር ሁለተኛ ሻማ ብትለኩሱ ማንም አያስተውለውም። ዓይን ጨለማው ላይ ስስ ነው። ስለዚህ ከ256ቱ ደረጃዎች ብዙዎቹ ለጥቁርና ለጥላ ተሰጥተዋል። ከደረሰው ብርሃን 18 በመቶውን ብቻ የሚመልስ ግራጫ ወረቀት ለዓይን የነጭና የጥቁር መካከል ይመስላል፤ በኤስአርጂቢም ቁጥሩ 118 አካባቢ ነው፣ ከመካከሉ ብዙም ሳይርቅ።

ድክመቱ የደመቁ ነገሮች ላይ ነው። ያ የሽሮ ሜዳ አረንጓዴ በኤስአርጂቢ ሙሉ በሙሉ አይገባም። ትንሽ ይቀንሳል። ግን ትንሽ የቀነሰ አረንጓዴ እና ሌላ አረንጓዴ በጣም ይለያያሉ። ደንበኛዋ የመጀመሪያውን ብታይ ኖሮ ቅር አትልም ነበር።

## ዲስፕሌይ ፒ3

ለሲኒማ ፕሮጀክተር ከወጣው ፒ3 አፕል ለስክሪን አስማምቶ ያወጣው ነው። ከኤስአርጂቢ ሩብ ያህል ይሰፋል፤ በተለይ ወደ ቀይና ወደ አረንጓዴ። አይፎን ከ2016ቱ አይፎን 7 ጀምሮ ፎቶ የሚያነሳውም የሚያሳየውም በዚህ ነው። ብዙ ውድ የአንድሮይድ ስልኮችም ያሳዩታል።

ስለዚህ አይፎን ካላችሁ ሳታውቁት ፒ3 እየተጠቀማችሁ ነው። ፎቶው አይፎን ላይ ሲታይ ቀይ ጥለት ይነድዳል። ያው ፎቶ ጠበብ ያለ ስክሪን ወዳለው ስልክ ሲሄድ፣ ፕሮፋይሉ ካለና ስልኩ ካነበበው በሥርዓት ወደ ጠባቡ ይቀየራል። ፕሮፋይሉ ከወደቀ ይፈዛል፤ ግን እንደ አዶቤ አርጂቢ አይደለም። ነጩም የብርሃን አደራደሩም ከኤስአርጂቢ ጋር አንድ ስለሆነ ጉዳቱ መጠነኛ ነው።

ደንበኞቻችሁ ውጭ ያሉና አይፎን የያዙ ከሆኑ ፒ3 እውነተኛ ጥቅም አለው። ደንበኞቻችሁ በርካሽ ስልክ የሚያዩ ከሆኑ ልፋቱ አይታይም። ሌላም ጣጣ አለ። አንዳንድ ስልኮች ቀለምን በግድ የሚያደምቅ «ቪቪድ» የሚባል ሞድ አላቸው። እሱ ሲበራ የትኛውም ከለር ስፔስ አያድናችሁም። ፎቶ የምታስተካክሉት በስልክ ከሆነ ሴቲንግ ገብታችሁ «ናቹራል» አድርጉት።

## አዶቤ አርጂቢ

በ1998 የወጣ ነው። ቀዩና ሰማያዊው ማዕዘን ከኤስአርጂቢ ጋር አንድ ቦታ ላይ ናቸው። አረንጓዴው ብቻ ርቆ ሄዷል። ዓላማው ግልጽ ነበር፤ ማተሚያ የሚያወጣቸውንና ኤስአርጂቢ የማይደርስባቸውን ሰማያዊ አረንጓዴዎች ለመያዝ።

አሁን የጓደኛዬን ጥለት በቁጥር ላሳያችሁ። የኤስአርጂቢን ንጹሕ አረንጓዴ፣ ማለትም 0፣ 255፣ 0ን፣ ወደ አዶቤ አርጂቢ ስትቀይሩት 144፣ 255፣ 60 ይሆናል። ፕሮፋይሉ እስካለ ድረስ ያው አረንጓዴ ነው። ፕሮፋይሉ ሲወድቅ ተቀባዩ ስልክ 144፣ 255፣ 60ን በራሱ ክንድ ይለካዋል። ቀይ ተጨመረበት ማለት ነው። ቀይና አረንጓዴ ደግሞ ምን እንደሚሠሩ በውሃ ጠብታዋ አይታችኋል። ቢጫ። «ፈዘዝ ያለውን፣ ወደ ቢጫ የሚያደላውን» ያለችው ሴት ያየችው ይህንን ነው። ንጹሕ ቀይም 255 መሆኑ ቀርቶ 219 ላይ ይወርዳል፤ ፎቶው ሁሉ የታመመ ይመስላል።

አዶቤ አርጂቢ መጥፎ አይደለም። ከካሜራ እስከ ማተሚያ ድረስ እናንተው የምትቆጣጠሩት መንገድ ላይ ጥሩ ነው። እሱን የሚያሳይ ስክሪን ግን ውድ ነው። የማታዩትን ቀለም ማስተካከል ዓይን ተጨፍኖ ክር እንደ መምረጥ ነው።

## ፕሮፎቶ አርጂቢ

ከኮዳክ የመጣ፣ እጅግ ሰፊ። ከማዕዘኖቹ ሁለቱ ከምላሱ ውጭ ናቸው፤ ማንም ሰው በዓይኑ ሊያየው የማይችል «ቀለም»። በ16 ቢት ፎቶ ስታርሙ በውስጥ ብቻ የምትጠቀሙበት ነው። ለማንም እንዳትልኩት።

## ሲኤምዋይኬ

እስካሁን ያወራነው ብርሃን ስለሚልኩ ነገሮች ነው። ወረቀት ብርሃን አይልክም። የመጣለትን ነጭ ብርሃን ቀለሙ ይውጠዋል፤ የተረፈው ወደ ዓይናችን ይመለሳል። ሳያን ቀዩን ይውጣል፣ ማጀንታ አረንጓዴውን፣ ቢጫ ሰማያዊውን። ሦስቱ ሲደራረቡ በወረቀት ላይ ጭቃማ ቡናማ ስለሚሆኑ ጥቁር በአራተኛነት ይጨመራል። የታተመ መጽሔት በማጉያ መነጽር እዩ። አራት ዓይነት ነጥቦች እንደ አበባ ተሰባስበው ታገኛላችሁ።

ሰዎች የሚያዝኑት እዚህ ላይ ነው። ስክሪን ላይ የሚያበራ ሰማያዊ ወረቀት ላይ ወደ ወይን ጠጅ ያደላል። የሚነድ አረንጓዴ ይከስማል። ማተሚያ ቤቱ ብዙ ጊዜ ያላጠፋውን ይወቀሳል፤ ያንን ቀለም በአራቱ ቀለሞች ማውጣት አይቻልም።

ሌላው ስህተት ሲኤምዋይኬን እንደ አንድ ነገር መቁጠር ነው። አንድ አይነት አራት ቁጥር በሚያብረቀርቅ ወረቀትና በጋዜጣ ወረቀት ላይ ሁለት የተለያየ ቀለም ይሰጣል። ለዚህ ነው አውሮፓ «ፎግራ 39» አሜሪካ ደግሞ «ስዎፕ» የሚባሉ ፕሮፋይሎች ያሉት። ስለዚህ ፎቶሾፕ ውስጥ ዝም ብላችሁ ሲኤምዋይኬን ከመንካታችሁ በፊት ለማተሚያ ቤቱ ደውሉ። «የምን ፕሮፋይል ልላክ? በአርጂቢ ትቀበላላችሁ?» በሉ። ብዙ የፎቶ ማጠቢያ ማሽኖች የሚፈልጉት ኤስአርጂቢ ነው፤ በራሳቸው ይቀይሩታል። እናንተ ቀድማችሁ ብትቀይሩት ቀለም ሁለት ጊዜ ይቀነሳል።

ስለ ጽሑፍ ደግሞ አደራ። የሠርግ ጥሪ ካርድ ላይ ያለ ጥቁር ፊደል በጥቁር ብቻ፣ ማለትም 0፣ 0፣ 0፣ 100 መሆን አለበት። ከአርጂቢ ተቀይሮ ሲመጣ ጥቁሩ ከአራቱም ቀለም ይሠራል። ወረቀቱ በፀጉር ያህል ከተንሸራተተ «ሠ» ጥርሶቹ ላይ ሮዝ ጥላ ያወጣል። ቀጭን ፊደላችን ይህን አይችልም።

## የፋይል ዓይነትም ቀለም ይበላል

ጄፔግ ከ1992 ጀምሮ ያለ ነው። የፋይሉን መጠን የሚያሳንሰው የዓይናችንን ድክመት ተጠቅሞ ነው፤ ብርሃንና ጥላን በስሱ እናያለን፣ የቀለምን ዝርዝር ግን ያን ያህል አንለይም። ስለዚህ ብዙ ጊዜ ለአራት ነጥብ አንድ የቀለም መረጃ ብቻ ያስቀምጣል። ለፊት ፎቶ አይታወቅም። ነጭ ሸማ ላይ ላለ ስስ ቀይ የጥለት መስመር ግን ይታወቃል፤ ቀዩ ወደ ነጩ ይፈሳል፣ ጠርዙ ይቆሽሻል። ጥራቱን ከፍ አድርጋችሁ ስታስቀምጡ ብዙ ፕሮግራሞች ይህን የቀለም ቅነሳ ይተዉታል።

ሎጎና ጽሑፍ ያለበት ምስል በፒኤንጂ ይሁን። ሮው ደግሞ ካሜራው ገና ያላዘጋጀው ጥሬ የፎቶ መረጃ ነው፣ ጥሬ እህል በሉት፤ 12 ወይም 14 ቢት ይይዛል። በሮው ካነሳችሁ ካሜራው ላይ የመረጣችሁት ከለር ስፔስ ሮውን አይነካውም። የሚነካው ጄፔጉን ብቻ ነው። ይህን ያወቅኩ ቀን ትልቅ ዕረፍት ነበር።

## በአንድ ሰንጠረዥ

| ምርጫ | የሚሆነው | ከካርታው የሚሸፍነው | ፕሮፋይሉ ቢወድቅ | ተጨማሪ ወጪ |
|---|---|---|---|---|
| ኤስአርጂቢ | ስልክ፣ ድረ ገጽ፣ የፎቶ ማጠቢያ | 35% ያህል | ብዙ ጊዜ ምንም አይሆንም | የለም |
| ዲስፕሌይ ፒ3 | አይፎንና ውድ ስልኮች | 45% ያህል | ትንሽ ይፈዛል | ፒ3 የሚያሳይ ስክሪን |
| አዶቤ አርጂቢ | ጥራት ያለው ኅትመት | 50% ያህል | በጣም ይፈዛል፣ አረንጓዴ ይቀየራል | ውድ ሞኒተርና ካሊብሬተር (የስክሪን ቀለም ማስተካከያ) |
| ፕሮፎቶ አርጂቢ | እርማት በ16 ቢት | 90% ያህል | ይበላሻል | ትልቅ ፋይል፣ ጠንካራ ኮምፒውተር |
| ሲኤምዋይኬ | ለማተሚያ ቤት የመጨረሻ ፋይል | እንደ ወረቀቱና ቀለሙ | ቀለሙ በግምት ይታተማል | የናሙና ኅትመት |

## የእናንተስ የትኛው ነው?

በስልክ ብቻ እያነሳችሁ ልብስ ወይም ዕቃ የምትሸጡ ከሆነ ምንም አትግዙ። ኤስአርጂቢ ይበቃችኋል። አይፎን ካላችሁ ፎቶውን በቴሌግራም ስትልኩ «ፋይል» አድርጋችሁ ላኩት፤ አይጨመቅም፣ ፕሮፋይሉም አብሮት ይሄዳል። ቀለሙ ወሳኝ ለሆነ ትዕዛዝ ደግሞ ከጥለቱ ክር አንድ ቁራጭ በፖስታ መላክ ከሁሉም ከለር ስፔስ ይበልጣል። ጓደኛዬ አሁን የምታደርገው እንዲህ ነው።

ሠርግና ልደት ለምታነሱ በሮው አንሱ፤ እርማቱን በ16 ቢት ሥሩ፤ ለሙሽሮቹ በኤስአርጂቢ ስጡ። እነሱ የሚያዩት በስልክ ነው፤ አያት የሚያዩት ደግሞ በልጅ ልጅ ስልክ። አልበሙን የሚያትመው ቤት ምን እንደሚፈልግ ለብቻው ጠይቁ።

ባነር፣ መጽሔት፣ ካርድ ለምትሠሩ ዲዛይነሮች ሥራችሁን በአርጂቢ ጀምሩ፤ መጨረሻ ላይ ማተሚያ ቤቱ በሰጣችሁ ፕሮፋይል ቀይሩ። ቅድመ ዕይታውን ከፍታችሁ የሚከስሙትን ቀለሞች ለደንበኛው ቀድማችሁ አሳዩት። ከታተመ በኋላ ከመከራከር ይሻላል።

ብራና፣ ሥዕል፣ አሮጌ ጥልፍ በዲጂታል ለምታስቀምጡ እዚህ ላይ ነው ስፋት የሚያስፈልገው። ሮው፣ 16 ቢት፣ አዶቤ አርጂቢ ወይም ፕሮፎቶ፣ ከጎኑ የቀለም መለኪያ ካርድ። ከመቶ ዓመት በኋላ ብራናው ቢደበዝዝ የሚተርፈው ይህ ፋይል ነው። እዚህ ላይ ገንዘብ አትቆጥቡ። ለሰው የምታሳዩትን ቅጂ ግን በኤስአርጂቢ አውጡት።

ላፕቶፕ ለመግዛት ላሰባችሁ ሻጩን ስለ ራምና ስለ ፕሮሰሰር ብቻ አትጠይቁ። የስክሪኑን የቀለም ስፋት ጠይቁ። መግለጫው ላይ «45% ኤንቲኤስሲ» (ኤንቲኤስሲ የድሮ ቴሌቪዥን የቀለም ስፋት መለኪያ ነው) የሚል ካያችሁ ኤስአርጂቢን እንኳ ሙሉ አያሳይም። «72% ኤንቲኤስሲ» ወይም «100% ኤስአርጂቢ» የሚለው ለአብዛኛው ሥራ በቂ ነው። ከዚያ በላይ የምትከፍሉት ለኅትመት ወይም ለፒ3 የምትሠሩ ከሆነ ብቻ ነው።

በምትሠሩት ነገር ላይ ቀለም መልእክት የሚያስተላልፍ ከሆነ አንድ ነገር አስቡ። ቀይና አረንጓዴ የማይለዩ ሰዎች አሉ። በአውሮፓ ዝርያ ወንዶች ዘንድ 8 በመቶ ያህል ናቸው፤ በሌላው ዓለም ቁጥሩ ያንሳል፣ ግን አለ። የሁለቱ ኮኖች (የ530ውና የ560ው) ዘረመል ኤክስ ክሮሞዞም ላይ ስለሆነ ወንዶች ላይ ይበዛል። ሠንጠረዥ ላይ «አረንጓዴው ተከፍሏል፣ ቀዩ አልተከፈለም» ብቻ አትበሉ፤ «√» እና «×» ጨምሩበት።

## ከከለር ስፔስ በፊት ብርሃኑ

ከላይ ያለውን ሁሉ በትክክል ብታደርጉና ሱቁ ውስጥ በቢጫ አምፖል ብታነሱ ከንቱ ነው። ዓይናችን ይቅር ባይ ነው። ነጭ ነጠላ በሻማም በፀሐይም ነጭ ሆኖ ይታየናል፤ አንጎላችን የመብራቱን ቀለም ይቀንሰዋል። ካሜራ ይህን በግምት ነው የሚያደርገው፤ ግምቱም ይስታል። አንጎልም ይስታል። በ2015 ዓለምን ለሁለት የከፈለውን ቀሚስ ታስታውሳላችሁ፤ ግማሹ ነጭና ወርቃማ፣ ግማሹ ሰማያዊና ጥቁር ያለውን። ፎቶው አንድ ነበር። ሰው የለየው መብራቱን በየራሱ ስለገመተ ነው። ቀሚሱ በእውኑ ሰማያዊና ጥቁር ነበር።

ስለዚህ ልብሱን ወደ መስኮት አውጡት። ቀጥታ ፀሐይ አይምታው። ከጎኑ ግራጫ ካርድ አስቀምጡና ዋይት ባላንስ (ካሜራው ነጭ ብሎ የሚወስደውን) በእሱ አስተካክሉ። በሸማው ነጭ አታስተካክሉ፤ በእጅ የተፈተለ ጥጥ ትንሽ ወደ ክሬም ያደላል፣ ፎቶውን ወደ ሰማያዊ ይወስድባችኋል።

አንስታችሁ ስትጨርሱ ፎቶውን ለራሳችሁ ላኩ፤ ልክ ለደንበኛ በምትልኩበት መንገድ። አንድ አይፎን፣ አንድ ደህና አንድሮይድ፣ አንድ ርካሽ ስልክ ሰብስቡ። ሦስቱን ከጨርቁ አጠገብ፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ፣ በመስኮቱ ብርሃን ደርድሯቸው። ርካሹ ላይ ያለው አረንጓዴ ከጨርቁ ትንሽ ከፈዘዘ ላኩት። ወደ ቢጫ ከሄደ ተመለሱና ፕሮፋይሉን እዩ።